ሳልድን የመሰከርኩት ፈውስ

ተስፋ ፈልጎ ይህን ማንበብ ለጀመረ ሰው እውነቱን ከአሁኑ ብነግረው ይሻላል፤ ብዙ የምሰጠው የለኝም። ሕመሜን አሸንፌ የወጣሁ ጀግና አይደለሁም። ቢሆንም ሌላ ሰው ይህንን ነገር ከእኔ በፊት ጽፎት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ ማበዴ ነው ብዬ ያን ያህል አልፈራም ነበር። የምጽፈው ለዚያ ስል ነው።

ስሜ ናትናኤል ነው፤ ቤት ውስጥ ናቲ ይሉኛል። ኮሎምበስ የመጣሁት ቤተሰቤ ዲቪ ደርሶት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ከከተማው ዳር ሪከንባከር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት፣ ማለትም የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። እናቴ ያኔ አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር አንድ አዛውንት ቤት እየተመላለሰች ትንከባከብ ነበር። ሆኪ የጀመርኩበትን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያመጣችልኝ እሷ ናት፤ የሰውዬው የልጅ ልጅ ጠብቦት የተወው ነው። የተሰጣትን "አልፈልግም" ማለት ነውር ስለሚመስላት ተቀብላ መጣች። አባቴ ሆኪ ምን እንደሆነ ሲጠይቃት "እንደ ገና ጨዋታ ነው፤ ዱላ ይዘው ነው የሚሯሯጡት፣ ሜዳው ግን በረዶ ነው" አለችው። አባቴ በልጅነቱ ገና ሲጫወት ጥርሱን ያጣ ሰው ስለሆነ ሳቀና ፈቀደ።

ሌሎቹ ልጆች መራመድ እንደቻሉ የጀመሩትን ነገር በአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ መድረስ አይቻልም። እግሬ ዘገየ፤ ቁመቴና ትከሻዬ ግን አልዘገዩም። ሃይስኩል ስጨርስ አንድ አሠልጣኝ ጠራኝና "አንተ ሌላ ሥራ አለህ" አለኝ። ሥራው ድብድብ ነበር።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሆኪ ውስጥ ኢንፎርሰር የሚባል ሰው አለ። ጎል አያገባም። ጎል የሚያገቡትን ማንም እንዳይነካቸው ያስፈራራል፤ የነካቸውን ይደበድባል። ተጋጣሚው ቡድንም የራሱ አለው። ሁለቱ የሚደባደቡት ተናደው አይደለም። አጠገብህ መጥቶ በትህትና "እንግጠም?" ይልሃል፣ "እሺ" ትለዋለህ፣ ጓንታችሁን ትጥላላችሁ። ዳኞቹ አንዳችሁ እስኪወድቅ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳል። ከዚያ ሁለታችሁም ለቅጣት በተዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጣችሁ፣ አፍንጫችሁን ጠራርጋችሁ ወደ ጨዋታው ትመለሳላችሁ። በሌላ ስፖርት የሚያስባርረው ነገር እኔን አስቀጠረኝ። በትንንሽ ከተሞች የሚጫወቱ፣ ስማቸውን ከከተማው ውጪ ማንም የማያውቀው ቡድኖች ውስጥ ጥቂት ዓመታት በዚህ ኖርኩ።

ሰው ሁሉ ያሳመመኝ ቡጢው ይመስለዋል። ቡጢውም አለበት። እኔ ግን መጀመሪያ የታመምኩት በመጠበቅ ነው። ቅዳሜ ማንን እንደምገጥም ከሰኞ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ምግብ አይወርድልኝም። አውቶቡስ ውስጥ ጓደኞቼ ካርታ እየተጫወቱ ሲሳሳቁ እኔ የተኛሁ ለመምሰል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እቀመጣለሁ። ለማን ይነገራል? ለማስፈራራት የተቀጠረ ሰው ፈራሁ ካለ ሥራው እዚያው ላይ አበቃ።

ብዙ ጊዜ የምገጥመው ኮዲ የሚባል የሚሺጋን ልጅ ነበር። ቀይ ጺም ያለው፣ ከሜዳ ውጪ ሲያወራ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። አንድ ቀን ከጨዋታ በኋላ ኮሪደር ላይ ተገናኘን፤ እሱ ቅንድቡ ተሰፍቶ፣ እኔ ጣቶቼን በረዶ ውስጥ ነክሬ። "ከጨዋታ በፊት ያስመልስሃል?" አለኝ። "አንዳንዴ" አልኩት። "እኔን ሁልጊዜ" አለ። ያን ቀን ስልክ ተለዋወጥን። እንግዲህ ሕመሜን መጀመሪያ ያወቀው ሰው የሚደበድበኝ ሰው ነው።

ቤተሰቤ ይህን አያውቁም ነበር። እናቴ አንዴ ቪዲዮ አይታ "ሰው ልጄን ሲቀጠቅጥ ዳኛው ምን ይሠራል?" ብላ ስትደነግጥ "ድራማ ነው እማዬ፣ ለሕዝቡ ነው" አልኳት። ማመን ስለፈለገች አመነችኝ።

በፈረንጆቹ 2020 ማርች ላይ ኮሮና ውድድሩን ሲያቋርጠው ሻንጣዬን ይዤ ኮሎምበስ፣ ኢስትሙር ሰፈር፣ ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ድብድቡ ሲቀር ሕመሙም የሚቀር መስሎኝ ነበር። ጭራሽ እረፍት ሳገኝ ነው የተነሳብኝ። ብርሃን ዓይኔን እንደ ሽንኩርት ይለበልበኝ ጀመር። የእህቴ የሜሮን ሳቅ ከሌላ ክፍል ሲመጣ ጥርሴን ያስነክሰኛል። ወጥ ቤት ገብቼ ለምን እንደገባሁ ይጠፋኛል። አባቴ እሱ የሚሠራበት መጋዘን አስቀጠረኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የፎርክሊፍቶቹ ጩኸት ሲበዛብኝ በተቆለሉት ዕቃዎች መካከል ገብቼ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ያገኘኝ አባቴ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ራሴ ላይ ጣል አደረገልኝና ሱፐርቫይዘሩን ሊያናግር ሄደ። እኔም ወደዚያ ሥራ አልተመለስኩም።

የቀረው የዚያ ዓመት ጊዜ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍሎች አለቀ። ከወንበሮቹ ግማሾቹ ላይ አትቀመጡ የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አንድ ሰው ካሳለ ሁሉም ከጭምብሉ በላይ በዓይኑ ይፈልገዋል። እኔ ከጣሪያው መብራት ለመሸሽ ኮፍያዬን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ እቀመጣለሁ፤ ሰው ግን ሱሰኛ እየመሰልኩት ወንበሩን ፈቀቅ ያደርጋል። መጀመሪያ ኮሮና ነው ተባለ፤ አልነበረም። ቀጥሎ ሳይነስ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፤ ሆዴን ብቻ አበላሸው። ከዚያ መነጽር ታዘዘልኝ። የቡድኑ ኢንሹራንስ ከውድድሩ ጋር አብሮ ስለቆመ በገባንበት በር ሁሉ የምንገባው በሂሳቡ እየተሳቀቅን ነው። እናትና አባቴ ስለ ሕክምናዬ ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ፤ እኔም አለመስማቴን ለማሳየት ቴሌቪዥን እከፍታለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ራሴን ያመኛል።

እናቴ በሄድኩበት ሁሉ አብራኝ ትገባለች። እኛ ዘንድ ታማሚን ብቻውን ሐኪም ፊት መላክ ጭካኔ ነው፤ አንድ አስታማሚ ብቻ ይፈቀዳል ሲባል ያ አንዱ እሷ ናት። አንድ ሐኪም "ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?" ብሎ ሲጠይቀኝ አፌን ሳልከፍት መለሰችለት።

"ኖ፣ ኖ። ሂ ኢዝ ክርስቲያን።"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም ወደ እኔ ዞረች። "ኖ" አልኩ። ማይግሬን፣ ማለትም ብርቱ ራስ ምታት ነው ተብሎ ሌላ ክኒን ይዤ ወጣሁ።

ሜሮንን ግን ማታለል አልተቻለም። እሷ እዚህ ያደገች ስለሆነች በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። አንድ ቀን የክፍሌ በር ላይ ቆመች።

"ዲድ ዩ ቴል ዘም አባውት ዘ ፋይትስ?"

"ስፖርተኛ ነኝ ብያቸዋለሁ።"

"ናቲ፣ ካም ኦን።"

ስለ ድብድቡ ካልነገርኳቸው ምንም አልነገርኳቸውም ማለቷ ነው። ራሷ ፈልጋ፣ የራስ ጉዳት የሚያክም ክሊኒክ ጋ ኮል አድርጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ያ ክሊኒክ በኮሮና ምክንያት አስታማሚ ጨርሶ አያስገባም። እናቴ በር ላይ ካለችው ልጅ ጋር ተከራከረች፤ አልሆነላትም። መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ፣ ሞተሩን አስነስታ መኪና ውስጥ ቀረች። ኮሮና ለእኔ የዋለልኝ ውለታ ቢኖር ይኸው ነው።

ሐኪሟ ገና ስታየኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት ተነስታ የክፍሉን መብራት ቀነሰችው። በዚያ ዓመት ሰው ካደረገልኝ ነገር ሁሉ ያ ይበልጥብኛል። አለቀስኩ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ቡጢው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስላለው ፍርሃት፤ ጠዋት ስነቃ በመንቃቴ እንደማዝን፤ ባልኖር ይሻል ነበር ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ወራት እንዳለፉ፤ ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከሁሉ በላይ የምፈራው ራሴን እንደሆነ።

በቀላል ቋንቋ አስረዳችኝ። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ ይጎዳል፤ ኮንከሽን የሚሉት እሱን ነው። የፊተኛው ሳይድን ሌላው ከተደገመበት ብርሃንና ድምፅ መቻል ያቅተዋል፤ ስሜትም አብሮ ይታመማል። ድብርቱም እንደማንኛውም በሽታ በሽታ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ከዚህ የባሰ፣ እያደር አንጎልን የሚያመነምን በሽታ ይኖርብኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። እሱን ሰው በሕይወት እያለ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አለችኝ። ለኮዲ በስልክ ስነግረው "ለማወቅ መሞት አለብን በለኛ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

መኪና ውስጥ እናቴ "ምን አለችህ?" ስትለኝ "የራስ ሕመም ነው፣ ክኒን ሰጥታኛለች" ብዬ አሳጠርኩላት። ጣቶቿ መጽሐፍ ቅዱሱ ገጾች መካከል እንደገቡ ነበሩ። ሌላውን ለመናገር ጉልበት አልነበረኝም።

ክኒኑን ጀመርኩ። ዓይንና ሚዛን የሚያለማምድ ሥራም ተሰጠኝ፤ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳትን ነጥብ ትኩር ብዬ እያየሁ ራሴን ወዲያና ወዲህ አዞራለሁ። ቴራፒስት፣ ማለትም የልቤን የማጫውተው ባለሙያ፣ በላፕቶፕ ያነጋግረኛል። በ2021 ፋሲካ ሰሞን ትንሽ ቀለለኝ። ያለ ጥቁር መነጽር እስከ መንገዱ ጥግ ደርሼ እመለስ ጀመር። ዶሮ ወጡ ጣመኝ።

ክፉ ዕድሌ ሆኖ የቀለለኝ ቤተ ክርስቲያናችን መልሳ በተከፈተችበት ሰሞን ነው። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ከጸሎት እህቶቿ ጋር ስትጾምልኝ ነበር፤ ይህን አልንቅም፣ ፍቅር ነው። እኛ ጋ ከስብከት በፊት ጌታ ያደረገለትን የሚመሰክር ሰው ወደ መድረክ ይወጣል። ያን እሁድ እናቴ ወጣች። ከዓመት በላይ በዙም ብቻ ሲተያይ በከረመ ሕዝብ ፊት ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ "ልጄን ጌታ ፈወሰልኝ" አለች። እልልታው ራሴን ሰነጠቀው። ጋሽ ታምራት የሚባሉት ሽማግሌያችን ማይክሮፎኑን ይዘው ወደተቀመጥኩበት መጡ። እናቴ ከመድረኩ ላይ ታየኛለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

"ጌታ ይመስገን፣ ድኛለሁ" አልኩ ተነስቼ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሕመሜ የሚጠይቀኝ ሰው ቀረ፤ የዳነ ሰው አይጠየቅማ። ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል። እናቴ የመጀመሪያው ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ክኒኔን ከመታጠቢያ ቤቱ አነሳችው።

"እማዬ፣ መድኃኒቴስ?"

"ሰው እጁን ሊታጠብ ሲገባ ቢያየው ምን ይላል? ተፈወስኩ ብለህ ቆመህ ተናግረህ?" የተናገረችው በቁጣ አይደለም፤ ፈርታ ነው። "ጌታን እናሳጣው ናቲዬ?"

ሐኪሟ በአንድ ጊዜ እንዳታቋርጥ ብላኝ ነበር። አቋረጥኩ። ቴራፒስቱንም ካንስል አደረግኩት። ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ተፈወሰ የተባለ ሰው በር ዘግቶ ስለ በሽታው ሲያወራ ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ተመለሰ፣ ከፊተኛው ብሶ። መጋረጃ ዘግቼ እውላለሁ። ሜሮን ከእናቴ ጋር መነጋገር አቆመች፤ ምግብ በየተራ ይበላሉ። አንድ እሁድ ጋሽ ታምራትን ፓርኪንግ ሎት ላይ አገኘኋቸውና "ጋሼ፣ እንደገና አሞኛል" አልኳቸው። ትከሻዬን ያዙኝ።

"አፍህ የሚናገረውን ተጠንቀቅ ልጄ። ጠላት ፈውስህን ሊሰርቅህ ነው የሚፈልገው። አሞኛል አትበል።"

ክፉ ሰው አይደሉም። እዚህ አገር የገባን ዕለት ኤርፖርት መጥተው የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። "እሺ ጋሼ" ብዬ ገባሁ።

የሆነብኝን የማወራው ለኮዲ ብቻ ሆነ። ውድድሩ ሲጀመር እሱ ወደ ድብድቡ ተመልሶ ነበር። ተው ስለው "ሌላ ምን እችላለሁ?" ይለኛል፤ እኔም ሌላ የምችለው ነገር የለኝም። በ2022 መጀመሪያ ላይ ቴክስት ሳደርግለት መመለስ ተወ። እህቱ ኮል አድርጋ ነገረችኝ። ኮዲ በገዛ እጁ ሞቷል።

እናቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ።

"ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?"

"ኮዲ። ጨዋታ ላይ የምንደባደበው ልጅ።"

"ያ የሚመታህ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?"

አጠገቤ ትንሽ ቆማ ውሃ ሰጥታኝ ሄደች።

የሚያውቁት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሐዘናቸውን ጻፉለት። ጀግና አሉት። ፍርሃት የማያውቅ አሉት፤ ያንን ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ የሚያስመልሰውን ልጅ። ብዙዎቹ የለጠፉለት አንድ ቪዲዮ ነው። ጓንቱን ጥሎ ከአንድ ረጅም ጥቁር ልጅ ጋር ሲቀጣቀጥ ሕዝቡ ቆሞ ይጮኻል። ያ ልጅ እኔ ነኝ። መታሰቢያ ብለው ያወጡለት እኔ ፊቱን ስመታው የሚያሳየውን ነው። ሰው ከሥሩ የሚያለቅስ ምልክት እየተወ ያልፋል።

በማግስቱ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። የሰጡኝ ቀጠሮ ሩቅ ነበር፤ ያዝኩት። እሁድ ሲደርስ፣ የሚመሰክር አለ ወይ ሲባል እጄን አወጣሁ። የተፈወሰው ልጅ ሊያመሰግን ነው ብለው ጋሽ ታምራት ማይክሮፎኑን ፈገግ እያሉ ሰጡኝ።

"ባለፈው ዓመት እዚህ ቆሜ ድኛለሁ ብዬ ነበር" አልኩ። "አልዳንኩም። አንጎሌ ተጎድቷል። ድብርት አለብኝ፣ መኖር ያስጠላኛል። ጓደኛዬ በዚሁ ሞቷል። ጌታ አይችልም አላልኩም። አልዳንኩም ነው ያልኩት። መድኃኒቴን መልሼ ልጀምር ነው፤ ጸልዩልኝ።"

አንዲት ሴት "ኢየሱስ" ብላ ተነፈሰች። ጋሽ ታምራት ማይክሮፎኑን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱና "ወንድማችን በእምነቱ ይጽና" አሉ። ኪቦርዱ ጀመረ፣ መዝሙር ተነሳ። ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ምስክርነቴ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ቻናል ላይ ይታያል። የሁለተኛውን እሁድ ቪዲዮ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ማስታወቂያውንና መዝሙሩን ነው፤ እኔ ተቆርጫለሁ።

እናቴ በጓደኛዋ መኪና ተመለሰች። "እኔ ከእንግዲህ በየት በኩል ከሰው ልቀላቀል?" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። የሐሙሱ ጸሎት ወደ ሌላ ሰው ቤት ተዛወረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ማንም ደግሞ አልመጣም።

አሁን 2022 እያለቀ ነው። ክኒኑን እውጣለሁ፣ ግድግዳውን እያየሁ ራሴን አዞራለሁ። ጠዋት ትንሽ ሰው እመስላለሁ፤ ከዚያ ይዘጋብኛል። ሐኪሟ ከዚህ በላይ ላይሻለኝ እንደሚችል አልደበቀችኝም። ኮዲን ስለገደለው ነገር ሳስብ እኔ ከእሱ የተለየ ምን አለኝ እላለሁ። እንደ እኔ ለሆነ ሰው የምመክረው ይህን ብቻ ነው፤ ሐኪም ፊት ብቻህን ግባ፣ እናትህን የቱንም ያህል ብትወዳት መኪና ውስጥ ትጠብቅህ። ሰው ደስ እንዲለው ብለህም ድኛለሁ አትበል፤ ቃሉን መልሰህ መውሰድ ከበሽታው ይከብዳል።

አባቴ በዚህ ሁሉ መሐል ምን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። አልዳንኩም ባልኩበት እሁድም ነድቶ ቤት አደረሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ለሥራ ለባብሶ፣ ምሳውን ይዞ የክፍሌን በር ከፈተ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

"እንዴት አደርክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህ…"

"እሱማ ይመስገን" አለኝ ሳልጨርስ። "እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው። እንዴት አደርክ?"

"መጥፎ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "እሺ" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ሄደ። በነጋታው መጣ፣ ከዚያም በኋላ አላቋረጠም። ዛሬም ጠዋት መጥቶ ጠየቀኝ። ዛሬም "መጥፎ" አልኩት፤ ሰምቶኝ ወደ ሥራው ሄደ።